ቧንቧው ካልተዘጋ አትውጣ

ወንዴ፣

ለኮምፒውተሩ ኮርስ አዲስ አበባ ሄጃለሁ።

ባለፈው ዙር ያስተማሩን ይህን ነው፤ ማሽኑ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት «እንዲህ ነው ወይ?» ብሎ ያረጋግጣል። ካልሆነ ምክንያቱን ተናግሮ ይቆማል። እንደኛ መሥሪያ ቤት «በሂደት ይስተካከላል» ብሎ አይቀጥልም።

ስለዚህ ውኃ ቢጠፋም፣ ከመውጣትህ በፊት የቤታችንን ቧንቧ በእጅህ ነክተህ እይ።
ካልተዘጋ አትውጣ።

የተማሪዎችህን የፈተና ወረቀት ውኃ ያበላሸው ዕለት «ከፍተህ የሄድከው አንተ ነህ» አልኩህ፤ ሳላረጋግጥ። አንተም አመንከኝ።

ዛሬ ልወጣ ስል ቧንቧው ክፍት ነው። አንተ ሐኪም ጋራ ሰፈር እህትህ ቤት ከሄድክ ሦስት ቀንህ ነው።

ዘግቼዋለሁ። ከራሴ ጋር መከራከርም ደክሞኛል።

ስለተበላሸው ወረቀት ለርዕሰ መምህሩ በምትጽፈው ማብራሪያ ላይ የእኔን ስም አስገባ። ፊርማዬ ይኸው።

ጥላዬ