ሁለት ሰው የሚኖርበት ቤት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለማትረሺኝ፣ ብትረሺኝም ለማልረሳሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን የዚህን ሕንፃ ግድግዳ ታውቂዋለሽ፣ ስታነጥሺ ጎረቤት «ይማርሽ» የሚልበት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የቤቶች ጽሕፈት ቤት ቆጠራ ጀምሯል። በመዝገብ የሰፈረው ሰው በእርግጥ ቤቱ ውስጥ መኖሩን በር እያንኳኩ ያጣራሉ። ሁለት ክፍል ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻውን የተገኘ ከከተማው ዳር ወደተሠሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ይዛወራል። አንቺ ደግሞ «ለስድስት ወር ነው» ብለሽ ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ። በመዝገቡ ላይ ግን እስካሁን እዚሁ ነሽ። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበትን ለቅቄ ማንም የማያውቀኝ ቦታ መሄዱን አልፈልግም።

የባሰው ደግሞ የጎረቤት ምስክር ያስፈልጋል። ግድግዳ የምንጋራው ከማን ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነው። አምና እህቷን በቤቷ ልታስመዘግብ ፈልጋ ምስክር ሁኚኝ ብትለኝ፣ እህትሽ እዚህ ስታድር አይቼ አላውቅም ብዬ መለስኳት። ሐቅ ነው። ግን ካንቺ አልደብቅም፣ ያናገረኝ ሐቁ ሳይሆን በስፌት መኪናዋ ሲበጠበጥ የከረመው ጭንቅላቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ እሷ ጣራውን፣ እኔ ጫማዬን እናያለን።

ተቆጣጣሪው ሐሙስ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ይበልጥ ያስፈራኛል። አልጋሽን አንጥፌ፣ ነጠላ ጫማሽን ሥሩ አድርጌ ጠበቅኩት። ልጅዎ የት ናት ሲለኝ ሥራ አልኩት፤ ውሸት አይደለም። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን አስጠራ። የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ልጅቷ እዚህ ትኖራለች ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ትኖራለች» አለችው። «ጠዋት ጠዋት እሰማለሁ። እናቷ ‹ተነሺ፣ ረፈደብሽ› ትላታለች። ‹ሹራብ ደርቢ› ትላታለች።»

ወረቀቱ ግርጌ ላይ በሐሰት የመሰከረ የራሱን ቤት እንደሚነጠቅ ተጽፏል። አንብባው ነው የፈረመችው። ሰውዬው ሲወርድ በሯ ድረስ ተከትያት፣ ስለ እኔ ብለሽ ዋሸሽ አልኳት።

«አልዋሸሁም» አለችኝ። «የምሰማውን ነው የተናገርኩት።»

ልጄ፣ ድምፅ አውጥቼ እንደማወራሽ አላውቅም ነበር። በልቤ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ እየሰማችኝ፣ ለእህቷ ምስክርነት ከነፈግኳት በኋላ እንኳ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አፈርኩ። ቤቷ ገብቼ ይቅር በይኝ አልኳት፤ ወንበር ላይ የነበረውን ጨርቅ አንስታ ተቀመጪ አለችኝ።

አሁን ጭንቀቴ ተቀይሯል። ተቆጣጣሪው በወሩ መጨረሻ አንቺን ራስሽን ሊያይ ይመለሳል። ስለዚህ መምጣትሽንና አለመምጣትሽን ቁርጡን ጻፊልኝ። ለማደር አይደለም፣ ለመኖር። ካልሆነ ሰውዬው ሳይመለስ ቀድሜ ሄጄ፣ ልጄ በዚህ ወር ወጣች ብዬ ስምሽን በእጄ አሰርዛለሁ፤ ቤቱ ይሂድ፣ እሷን ግን በእኔ ጦስ ጎዳና አላወጣትም። ሥራሽን ጥለሽ ነይ ማለቴ አይደለም። እንዲያው ማወቁ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ከትናንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አፌን ይዣለሁ። ዛሬ ልብስ ሰፊዋ በሬን አንኳክታ «ዝም አልሽብኝ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ።

ደህና ነኝ፣ ልጄ ወጥታ ነው አልኳት።

በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ