ስለ ሁለቱ ስክሪኖቼና ስለቆረጡብኝ መብራት

ለተከበሩ አቶ ዛካሪያ ኦሉኦች
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኪሱሙ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ እኔ በጨለማ ስለምቀመጥ በመብራት ያሸበረቀው ሳሎንዎ ከመስኮቴ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ደህና ነዎት።

ባለፈው ሳምንት ኮሚቴዎ «ኢንተርኔት ቤት ከፍታለች» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ መብራቴን ከዋናው ሳጥን አጥፍቶብኛል። የከፈትኩት ነገር ቢኖር ካርቶን ነው። ዕቁቤ ሲወጣልኝ ጠረጴዛ አሠራሁ፤ ኮምፒውተር፣ ማተሚያ፣ የማይቆረቁር ወንበርና የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ከቤቴ ሆኜ የሐኪሞችን የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ነው። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሁለት ስክሪን ስለመግዛቴ። ጥበቃው ኦምባቲ ዕቃው ሲገባ አይቶ «እህቴ፣ አንዱስ ያንቺ ይሁን፣ ሌላው የማን ነው?» ብሎኝ ነበር። በአንዱ አነባለሁ፣ በሌላው እጽፋለሁ ብዬ አስረዳሁት፤ ገባው። እርስዎ ግን በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ «ሁለት ስክሪን ማለት ሁለት ደንበኛ ማለት ነው» ብለው አስተማሩን። ለትምህርቱ እጅ እነሳለሁ። በዚህ ስሌት ስምንት ወንበር ያለው ሳሎንዎ ምግብ ቤት መሆኑ ስለማይቀር፣ ፈቃዱን አውጥተው እንደሆነ ቢገልጹልን።

2ኛ. ስለ አሥራ አራቱ ሴቶች። አዲስ ዕቃ የገባለት ሰው ቤት የቤተ ክርስቲያን እናቶች መጥተው እንደሚጸልዩ እርስዎም ያውቃሉ፤ መኪናዎ ሲገዛ ዘምረንለታል። ቅዳሜ ነጭ ሻሻቸውን አስረው መጡልኝ፣ እማማ ፔሬስም እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጭነው «ጌታ ሆይ፣ ይህን ማሽን ከቫይረስና ከምቀኛ ጠብቅልን» አሉ። የጸሎቱ ግማሽ ሰምሯል፤ ቫይረስ አልገባበትም። ኦምባቲ በበሩ መዝገብ ላይ አሥራ አራት እንግዶች ብሎ የጻፈውን ኮሚቴዎ አሥራ አራት ደንበኞች ብሎ አነበበው። ከመካከላቸው አንዷ ባለቤትዎ ስለነበሩ፣ ምን አሳትመው እንደወጡ እቤትዎ ቢጠይቋቸው ይቀላል።

3ኛ. እዚህ ላይ ቀልዱ ይበቃኛል። ማክሰኞ ረፋድ መብራቱን ሲያጠፉ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የሥራ ፈተና ላይ ነበርኩ። የመጠባበቂያ ባትሪው ሃያ ደቂቃ ሲጮህ ቆይቶ ሞተ። ደረጃውን በባዶ እግሬ ሮጬ ወርጄ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ እንደያዙ ለመንኩዎት። «ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይታያል፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያመለከትኩበት ሥራ ነው። በንዴት ነው የምጽፍልዎ፣ ይህንንም አልደብቅዎትም። ቀጣሪዎቹ አዝነውልኝ ለመጪው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ሊፈትኑኝ ፈቅደዋል። ሦስተኛ ዕድል የለም።

እንግዲህ አንድ ሰው ሠርቶ እንዳይበላ ለመከልከል አንዲት ቁልፍ በቂ መሆኗን ስላሳዩን፣ በራሴና ይህን ባላወቁት ጎረቤቶቼ ስም ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሹመትዎን ያጽናልን እላለሁ።

ዳብሳም ቢሆን አክብሮቷን የማታጓድል ጎረቤትዎ፣
ጃኔት አዊኖ
ሦስተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦ በደረጃው ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያንን «ኢንተርኔት ቤት ከፍታለች» የሚል የክስ ማስታወቂያ የኮሚቴዎ ጸሐፊ ሰኞ ከሰዓት በፍላሽ ይዘው መጥተው «አንቺ ልጅ፣ አንዲት ገጽ ናት፣ ቶሎ በይልኝ» ብለው ያሳተሙት በእኔው ማተሚያ ነው። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ሳንቲምም አልተቀበልኩም። ሐሙስ መብራቱ ካልመጣ፣ ቀጣዩን ክስ በእጅዎ ይጻፉት።