ስለ መምህርት ሶላንዥ ቴሲዬ ዕረፍትና በአንድ ቀን ስለዘገየው ማመልከቻ

የሟችን አገልግሎት እንዲጽፍ በማኅበሩ የተወከለው ኖኤል ፔሪሶ፣ የቀድሞ የአዳራሽ ጠባቂ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የደበቀውን ጥፋት ያስቀድማል። መምህርት ሶላንዥ ቴሲዬ ወደ ፓሪስ የላኩት ማመልከቻ የወደቀው በእኔ፣ በዚህ ጸሐፊ፣ ምክንያት ነው።

በሊሞዥ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲያችን ነባር ሠራተኞች ማኅበር፣ ሐያሲና መምህርት ሶላንዥ ቴሲዬ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ያሳውቃል።

በ1974 በረዳት መምህርነት ተቀጠሩ። የተማሪ ጽሑፍ የሚያርሙት በእርሳስ ብቻ ነበር፤ «ካልተስማማ ያጥፋው» ይሉ ነበር።

በ1986 በድሮ ልቦለዶች ውስጥ በር ስለሚከፍቱና መልእክት ስለሚያደርሱ አገልጋዮች የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ሲጽፉት እኔን ቁጭ አድርገው፣ «ሙስዬ ኖኤል፣ አንኳኩተው መልስ ሲያጡ ምን ያስባሉ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በመቅድሙ ስሜን አስገብተዋል።

በ1989 ፓሪስ ላይ ለፕሮፌሰርነት ወንበር አመለከቱ። ደንቡ የሚያየው የፖስታ ቤቱን ማኅተም ቀን ነው፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ማርች 31 ነበር። እስከ ከሰዓት ሲያስተካክሉት ቆይተው ፖስታውን ሰጡኝ። ባለቤቴ ዣኒን ያን ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። መንገዴ ላይ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሻማ ለኮስኩላት፤ ተንበርክኬ ቀረሁ። ስወጣ ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። ቅዳሜ ጠዋት ላክሁት፤ ማኅተሙ የኤፕሪል 1 ሆነ። ሰኞ «ሄደልኝ?» ሲሉኝ፣ «ሄዷል፣ ማዳም» አልኩ። ዣኒንም በጁን ዐረፈች።

ከፓሪስ ምክንያት ያልተጻፈበት የሁለት መስመር መልስ መጣ። መጽሐፋቸው ተነቦ የተጣለ መሰላቸው፤ የጀመሩትን ሁለተኛ መጽሐፍ ተዉት። አንድ ባልደረባቸው የእሳቸው ዕድገት በተነሣበት ስብሰባ መሃል፣ «ፓሪስ መዝኖ የመለሰውን እኛ እንደገና እንመዝን እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። እሳቸውም፣ «እኔስ ሚዛን ላይ ወጥቻለሁ፤ እርስዎ ገና መደርደሪያ ላይ ነዎት» አሉት። ይበልጥ ተሳቀ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ውኃ እቀዳለሁ። ሚዛኑ ላይ እንዳልወጡ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እስከ 2009 አስተማሩ። ፕሮፌሰር ሳይባሉ ጡረታ ወጡ። ያስተማሯቸው ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ጽሑፍ በእርሳስ የሚያርሙም አሉባቸው ሲባል እሰማለሁ።

ልነግራቸው ስንት ጊዜ ተነሣሁ። አንዴ ተማሪ ይገባል፤ አንዴ ደስ ብሏቸው አገኛቸዋለሁና ደስታቸውን ማጥፋት ይከብደኛል። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እሱ ግን ቀድሞም ያውቀው ነበር፤ የማያውቁት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ በጃንዋሪ ቆርጬ የተኙበት ሆስፒታል ስሄድ ሰው መለየት አቁመው ነበር። እጃቸውን ይዤ ተቀምጬ ተመለስኩ።

ከቀብር መልስ ለእህታቸው ለማዳም ኤሊያን ነገርኳቸው።

«ምነው ሙስዬ ኖኤል!» አሉ። «ይህን አሁን ለማን ልንገርላት?»

ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉና፣ «እንግዲህ የሳቁት ይስሙት» አሉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ካሪን ረቂቁን አንብባ፣ «የፊተኛውን አንቀጽ ብናወጣውስ? ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ሲባልማ ሠላሳ አምስት ዓመት ተዘለለ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፈረመች።

ማኅበሩ ለማዳም ኤሊያን፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። መምህርት ሶላንዥ ቴሲዬ በማንም ተመዝነው አልወደቁም። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ይህን ወረቀት ከነስሜ በትልቁ አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።