«መጣሁ» ብዬ የሄድኩባቸው ልጆች

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ስፌት መኪናሽስ ዛሬም ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል? ጋሼ ደህና ናቸው? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራሷ ሥር ትደብቃለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ ማለቴ ነው። ሌላው ሌላ ነው።

ደብዳቤሽን ያስያዝሽው ሾፌር መንገዱ በመዘጋቱ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ከሃያ ቀን በኋላ አደረሰኝ። ስትሰፊ ክር እንደምትቆጥቢው ሁሉ ስትጽፊም ቃል ትቆጥቢያለሽ፤ አትቀየሚኝ። ከጻፍሽው ውስጥ ግን አንዷ መስመር አንጀቴን ቆረጠችው። ልጄ ስልክ ሲጮህ ከስፌት መኪናው ጀርባ እንደምትደበቅ፣ እናትሽ ናት ነይ ስትያት ጆሮዋን እንደምትይዝ፣ በምን እንዳስቀየማችኋት እንዳላወቅሽ ጽፈሽልኛል። አንቺ አላስቀየምሻትም እትዬ። ያስቀየምኳት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነም የገባኝ እዚህ ሥልጠና ላይ ነው። ታገሺኝና ላጫውትሽ።

ሥልጠናው ጦርነት ያስደነገጣቸውን ልጆች እንዴት እንደምንይዝ የምንማርበት ነው፤ የተጀመረው መንገዱ ተዘግቶ እዚህ ከቀረን በኋላ፣ በቅርቡ ነው። ሃያ ሁለት ነን፤ አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለ፣ እንደ እኔ ያለች አዋላጅ አለች፣ አንድ ፖሊስም አለ። የሚያሠለጥኑን አዛውንት ሐኪም ናቸው። ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል «ቀስ በሉ» ብለን ስም አውጥተንላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም። መጀመሪያ እርስ በርሳችን ነበር የምንለማመደው። ፖሊሱ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ወገቡ ተያዘና ሦስት ሆነን ጎትተን አወጣነው። ከእናንተ ከተለየሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን የሳቅኩ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ወር ከልጆቹ ጋር አገናኙን። ተፈናቃዮቹ ባረፉበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቶናል፤ ግድግዳው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ እንደተለጠፈ ነው፣ አንዱ መስኮት በካርቶን ተደፍኗል። ለእኔ የደረሰችኝ ከአክስቷ ጋር የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቃል ከአፏ አይወጣም። ኪሷ በጠርሙስ ቆርኪ የተሞላ ስለሆነ ስትራመድ ይንቃጨላል፤ እኛም «ቆርኪ» እንላታለን። ስድስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ስድስት ቀን ዝም አልኩ ብልሽ መቼም አታምኚኝም።

በሰባተኛው ቀን አንድ ቆርኪ ወደ እኔ ገፋች። መለስኩላት። እሷ ትገፋለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ከወጥ ቤቱ ሌሎች ቆርኪዎች ላምጣላት ብዬ ብድግ አልኩና፣ ሁላችንም እንደምንለው «መጣሁ» ብያት ወጣሁ። አንድ ኩባያ የማለቅለቅ ያህል እንኳ አልቆየሁም። ስመለስ በሩ ሥር ተጣጥፋ፣ ልብሷ ርሶ፣ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። ልይዛት ስል ነከሰችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆርኪ አልነካችም።

አክስቷን ጠየቅናት። ሰፈሩ ውስጥ ተኩስ ሲጀመር እናትየዋ ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጣ ሕፃን ወንድሟን ልታወጣ ወደ ቤት ተመለሰች። ስትወጣ «መጣሁ ልጄ» አለቻት። እናትየዋም ሕፃኑም ሞቱ። ለልጅቷ እስካሁን ቁርጡን የነገራት የለም፤ በየቀኑ ትመጣለች ነው የምትባለው።

ይህንን ለክፍሉ ስናገር ሐኪሙ፣ «ልጅ ፊት መጣሁ ብሎ የወጣ እጁን ያውጣ» አሉ። ሃያ ሁለታችንም አወጣን። እሳቸውም ጠመኔ ሊያመጡ ተነሡና «መጣ…» ብለው በሩ ላይ ቀጥ አሉ። የሳቀ የለም። ተመልሰው ተቀመጡና፣ «እኛ ስንሄድ መጣሁ እንላለን፤ ለትልቅ ሰው ችግር የለውም። ይቺ ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የያዘችው። ስትሄዱ ሄድኩ በሉ። የት እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ ንገሯቸው። ካላወቃችሁ ደግሞ አላውቅም በሉ» አሉን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በልቤ የነበረችው ግን ቆርኪ አልነበረችም።

ያን ማለዳ ታስታውሺዋለሽ። ልጄን የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ ለዪ ብለሽ አስቀመጥሻት። ንገሪያት አልሽኝ። ታለቅሳለች፣ ለሦስት ወር ሥራ ብዬ ለምን ላስለቅሳት አልኩሽ። «መጣሁ» አልኳትና ቦርሳዬን በጓሮ በኩል ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሦስቱ ወር ይኸው ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እንዳታለቅስ ብዬ ነው ስል ከርሜያለሁ። እውነቱ ግን ስታለቅስ እንዳላይ ነበር። ፈርቼ ነው እትዬ።

ባለፈው ሰኞ ቆርኪ ፊት ተቀምጬ፣ መጣሁ ብያት እንደሄድኩ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። የመውጫው ደወል ሲደወል ወደ ማደሪያዬ እንደምሄድ፣ ነገ ከቁርስ በኋላ እንደምመለስ ነገርኳት። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ሄድሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሄድኩ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። የእናቷን ነገር አክስቷ በሚመጣው ሳምንት ትነግራታለች፤ እኔና ሐኪሙ አብረን እንቀመጣለን። ያን ቀን ከአሁኑ እፈራዋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። ልጄን «ነገ ትመጣለች» አትበያት። ለማባበል ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እላት ነበር። እውነቱን ሰምታ ብታለቅስ ግን ቶሎ «አይዞሽ፣ በቃ» አትበያት፤ ስፌትሽን ተይና አጠገቧ ተቀመጪ። ስልኩን አላነጋግርም ካለችም አታስገድጃት። ብትቀየመኝ እውነቷን ነው።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ለባለቤትሽ ለጋሼ እጅ ነሥቻለሁ፤ ልጄን እንደ አባት ስለያዙልኝ ውለታቸውን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ትልቁ ልጅሽ ለፈተናው ይበርታ፤ ታናሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለልጄ ግን ሰላም ትልሻለች አትበያት። ይህችን ብቻ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፦

ልጄ፣ ያን ቀን መጣሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሄጄ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። መቼ እንደምመለስ አላውቅም።

ታናሽ እህትሽ
ከሠልጣኞች ማደሪያ፣ ክፍል ሰባት
የካቲት 19 ቀን