አባባ ያልተቀመጡበት በረንዳ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ሀይለገብርኤል፤

እንዴት ከረሙልኝ አባባ? ጉልበትዎስ ሻል አለው? ብርዱ አልጠናብዎትም? እኛ፣ ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ እንደማይሰማዎት ስለማውቅ ነው የምጽፈው። እህቴ ልዩ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ገዝቼ ስመለስ፣ ገና መኪናውን ፓርክ ሳላደርግ ጎረቤታችን ሚስ ዶሎረስ አስቆሙኝ። የእሳቸውና የእኛ ቤት መንትያ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ አናጢ ነው የሠራቸው። እርስዎ እዚህ ሳሉ የእሳቸውን በረንዳ ዓምድ እየዳበሱ፣ ወደ እኛ ቤት እያመለከቱ፣ የእኛስ የት ሄደ ብለው በእጅዎ ይጠይቋቸው እንደነበር ነገሩኝ።

አባባ፣ በረንዳውን የዘጋነው ለእርስዎ ብለን ነበር። አባትን ሳሎን ማስተኛት ነውር መስሎን፣ የራስዎ በር ያለው ክፍል ይኑርዎት ብለን አማችዎ ጌድዮን ግድግዳ አቆመበት። ያን ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ የሚቀጥን ዓምድ፣ የወንዝ ድንጋይ መሠረቱን፣ ከጣሪያው ሥር ብቅ ብቅ ያለውን ወፍራም እንጨት ሁሉ በሲሚንቶና በቀለም ደፈንነው። እርስዎ ሲገቡ መረቁን እንጂ በፎቶ ያየሁት በረንዳ የታለ አላሉም። እንዴትስ ብለው ይበሉን፣ ለክብርዎ የደከምንበት ሆኖ።

ሚስ ዶሎረስ በረንዳ ላይ ሲያመሹም የሰው ቤት አያዘውትሩ፣ ይታዘቡናል ብዬ ከለከልኩዎት። ከዚያ ወዲያ ጋራዡ አጠገብ፣ ከቆሻሻ በርሜሉ ጎን ወንበር ይዘው ሲውሉ ፀሐይ ፈልገው መሰለን። አገሬ ናፈቀኝ ብለው ሲነሱም አመንን። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ጌድዮን ከሥራ ኦፍ ወስዶ ግድግዳውን አፈረሰው። ዓምዶቹ አሉ፤ እንጨቱ ግን በምስማር ተበሳስቷል፣ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ሲሚንቶም አልለቅ ብሏል። ልጄ ሐሌታ ስትፈትገው ዋለች። ይምጡና ይቀመጡበት ልልዎት ነበር፤ ልዩ ግን ሐኪሙ ከእንግዲህ አውሮፕላን አይሞከርም ማለቱን ነገረችኝ። የተከፈተውን በረንዳ ፎቶ አብሬ ልኬዋለሁ፣ እሱን እንኳ ይዩልኝ።

ለልዩ፣ ለባሏ ለማቲያስ፣ ለእትዬ ሽታዬም ናፍቆቴን ያድርሱልኝ። ጌድዮንና ሐሌታ ጉልበትዎን ይስማሉ። ሚስ ዶሎረስም ሰላም በይልኝ ብለዋል። በረንዳው ላይ ያወጣሁትን ወንበርዎን እያዩ፣ አባትሽ መቼ ነው የሚመጡት ይሉኛል። በቅርብ ነው እላቸዋለሁ።

ልጅዎ ውብነሽ
ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.