ወደ ግራ የታጠፈው መስመር

ልጄ፣ ዓይኔ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የጓሮው በር ዛሬም አልዘጋ እንዳለ ነው፤ አባትሽም "ነገ እሠራዋለሁ" ማለቱን አልተወም።

ታናሽሽ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ፀጉሯን አታስነካኝም። ጧት ሰብሰብ አድርጋ በላስቲክ ጥፍር ታደርገውና እልም ትላለች። "ለቢሮ ይሄ ይበቃል፣ እማ" ትለኛለች። እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ እቀራለሁ። ያኔ አንቺ ጉልበቴ ሥር ተቀምጠሽ "እማዬ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ!" እያልሽ ስትነጫነጪ ሁለት ጉንጉን እሠራልሽ ነበር። ግራኝ ስለሆንኩ መሐል የምከፍለው መስመር ማጅራትሽ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍብኛል። አባትሽ "ይሄ ፀጉር ነው ወይስ የተካሰሱበት ድንበር?" እያለ ይስቅብን ነበር።

ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር የተነሳሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከጀርባሽ መስታወት አለ። መስታወቱ ውስጥ ማጅራትሽ ይታያል፤ ሁለት ጉንጉን ሠርተሽ ጠቅልለሽዋል፤ መስመሩም ወደ ግራ ታጥፏል። አንቺ እኮ ግራኝ አይደለሽም፣ ልጄ።

አባትሽን ጠርቼ አሳየሁት። አልሳቀም።

ቀጥ አድርገሽ ክፈዪው ልልሽ ነበር፤ ተይው፣ እንዳታቃኚው። ብቻ አታጥብቂው፣ ራስሽን ያምሻል። ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። ከእንግዲህ ፎቶ ስትነሺ አንዷን ጀርባሽን ሰጥተሽ ተነሺልኝ። ፊትሽንማ እዚያ ያሉትም ያዩታል፤ ማጅራትሽን የማውቀው እኔ ነኝ።

እናትሽ