ሁለተኛው በገና

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንተኛ ወሩን ያዝን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የመሐል ሜዳን ብርድ መቼም አንተው ታውቀዋለህ። ከበጎችህ ሁለቱን አስቀርተን ሌሎቹን ሸጥን። ክፍልህን ግን እስከ ሰሞኑ አልከፈትነውም ነበር። እማዬ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አስራ አንገቷ ላይ ይዛው ከረመች።

ሁዳዴ ሲገባ በገናህን አቧራውን እንድጠርገው ቁልፉን ሰጠችኝ። ከግድግዳው አወረድኩት። አልጋህን ሳነሣሣ ደግሞ ከሥሩ በሱፍ ባና የተጠቀለለ ሌላ አዲስ በገና ወጣ። ክው ብዬ ቀረሁ። እማዬም አልጋው ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷን ላየው ሌላ ሚስት የተገኘብህ ነው የሚመስለው። ለአንድ አፍ ሁለት ስልክ ምን ይሠራልሻል እያልክ ስትቀልድብኝ የኖርከው ሰውዬ፣ አንተ ራስህ ባለ ሁለት በገና ነበርክ።

ትዝ ይልሃል፣ የበግ አንጀት አጥበን፣ ገምደን፣ አጥሩ ላይ ወጥረን ስናደርቅ? በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ ድምፁ እስኪነዝር ድረስ በጥፍሬ ገፋ መለስ ማድረግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንተ በቀስታ ታዜማለህ፣ እኔ መቃኛውን አዞራለሁ። እንድደረድር ግን አንድም ቀን በገናውን አላስያዝከኝም። በአሥራ አራት ዓመቴ ብጠይቅህ፣ ቆይ ድምፅሽ ይርጋ አልከኝ። ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሁለተኛም አልጠየቅሁህም። እውነቱን ልንገርህ፣ ስንቀብርህ እንኳ ቂሙ ከውስጤ አልወጣም ነበር።

አዲሱን በገና ነካ ባደርገው አውታሮቹ ከረዋል። ካንተ ድምፅ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ድርቀቱ ነው ያበላሸው ብዬ፣ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጬ አንድ በአንድ አላላሁና ከአሮጌው በገናህ ጋር አስተካከልኩት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እኒያ በገና ሠሪው የማኅበር ጓደኛህ፣ እማዬን ሊጠይቁ ከሞላሌ መጡ። በገናውን አንሥተው ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉና ማን ነው ቅኝቱን የለወጠው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ። በገናውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስደገፉት።

ከዚያ ነገሩኝ። የሠሩልህ እሳቸው ናቸው፤ የቃኘኸው ግን አንተው ነህ፣ ለእኔ። ጓሮ ልብስ ሳጥብ መዝሙር ስዘምር፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ ድምፄን በጆሮህ ትይዝ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተህ አንድ አውታር ታከራለህ። እንዲህ እያልክ አንድ በጋ ሙሉ። ድምፅዋ ረግቷል፣ በመጪው ሁዳዴ አስይዛታለሁ ብለሃቸው ነበር።

አባዬ፣ እኔ በአንተ ሳኮርፍ፣ አንተ መስኮት ሥር ተቀምጠህ ስትሰማኝ ኖረሃል። የእጅህን የመጨረሻ ሥራ ደግሞ በገዛ እጄ፣ ያውም አንተ ባስተማርከኝ ሙያ አፈረስኩት። ጋሽ ወንዳፍራሽ ቅኝት ይመለሳል ብለው አጽናኑኝ። የት እንደነበረ ግን እሳቸውም አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ከማስተምርበት ስመለስ በገናውን ይዤ እቀመጣለሁ። አዜማለሁ፣ አከራለሁ፣ መልሼ አላላለሁ። እማዬ ይሄ ነው ትለኛለች። ትናንትም ይሄ ነው ብላኛለች፤ የምታጽናናኝ መስሏት ነው። ከቀብርህ ወዲህ አዚሜ አላውቅም ነበርና ድምፄም ራሱ ሻክሮብኛል።

ይቅር በለኝ። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር አንተ ያሰብክልኝ ቦታ ላይ ተቀምጬ ያንን ቅኝት እፈልገዋለሁ፣ በፈለግሁት ቁጥርም አስታውስሃለሁ። ያንተን ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜ አውታሩ ላይ አገኘዋለሁ፤ የእኔን በቃሉ የያዘው ሰው ግን አንተ ብቻ ነበርክ።

ልጅህ ትርሲት